አልጋ ሥር የሚቀር ጫማ

እስኪ ላውጋችሁ። ቁስቋምን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ይዛችሁ ኑ። እኛ ሰፈር ሜዳ የለም። ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ዳቦ ሊገዛ ይወርዳል፣ ዳቦውን ይዞ ይወጣል፣ የረሳውን ስኳር ሊያመጣ እንደገና ይወርዳል። ዳገቱ ባት ይይዛል፣ ቁልቁለቱ የእግር ጣትን ከጫማ አፍንጫ ጋር ያላትማል። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ ኮብልስቶኑ አለ። እግሩን የታመመ ሰው የት ሰፈር ቢኖር ይሻለዋል ብትሉኝ ቁስቋምን መጨረሻ ላይ ነው የምጠራት። አክስቴ ግን የምትኖረው እዚያው ነው፤ እግሯን የታመመችውም እሷው ናት፤ የዛሬው ወሬም የእሷ የጫማ ወሬ ነው።

አክስቴ ጥልፍ ጠላፊ ናት። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ከሚሸጡት ሱቆች ለአንዱ ትሠራለች። የስፌት መኪናዋ ዛሬም በእግር የምትረገጥ ናት፤ እጇ አበባውን ያወጣል፣ እግሯ መኪናውን ይነዳል። ከብዙ ዘመን በኋላ እጇ ደህና ሆኖ እግሯ አመፀ። መጀመሪያ የቀኝ ተረከዟ ነበር። ጠዋት ከአልጋ ወርዳ መሬት ስትረግጥ፣ ያቺ የመጀመሪያዋ እርምጃ ታስጮኻታለች። ግድግዳ ይዛ እያነከሰች ትቆይና ቀስ እያለ ይለቃታል፤ ብዙ ተቀምጣ ስትነሳ ደግሞ እንደገና ይይዛታል። ይህ ሳያንስ የግራ እግሯ አውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት ወደ ውጭ ወጣ። ጣቱ ወደ ጎረቤቶቹ ዘመመ፣ ጉብታው ቀላ፣ ጫማ በነካው ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች።

መቼስ ቡና ላይ ሁሉም ሐኪም ነው። አንዷ «ብርድ ነው፣ በእሳት ሙቂው» አለች። ሌላዋ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተይ» አለች፤ አክስቴ የዚያን ሰሞን ጾም ላይ ነበረችና ሥጋ ከቀመሰች ሰንብታለች። ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አጉል ነገር ረግጠሽ ይሆናል» አለች። የጠበል፣ የጨውና የሙቅ ውሃ ምክሩ አልቀረም።

ሐኪሙ የነገራት ሌላ ነው። ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነስቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ ሽፋን አለ፤ የውስጥ እግርን ቅስት ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። ብዙ ሲቆሙበት፣ ክብደት ሲጨምርበት፣ በስስ ሶል ድንጋይ ለድንጋይ ሲሄዱበት ከተረከዙ ጋር የተያያዘበት ቦታ ይጎዳል። ሌሊት እግር ዘና ብሎ ሲያድር ሽፋኑ ይኮማተራል፤ ጠዋት በድንገት ሲወጠር ያ ሕመም ይመጣል። መድኃኒቱ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ከአልጋ ከመውረድ በፊት ጣቶችን ወደ ራስ ስቦ ባትንና ውስጥ እግርን ማሳሳብ፣ የቀዘቀዘ ውሃ የሞላበት ሃይላንድ መሬት ላይ አስተኝቶ በእግር ማንከባለል፣ ብዙ ጊዜ ወራት የሚፈጅ ትዕግሥት፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ የሚደግፍ ጫማ። ለአውራ ጣቷም መልሱ ወደ ጫማ ነበር የዞረው፤ የወጣውን አጥንት ጫማ አይመልሰውም፣ ጠባብ ጫማ ግን ያባብሰዋል። «ሰፋ ያለ ያድርጉ» ብሎ ሸኛት።

ሰፋ ያለ ያድርጉ! ማለቱ ቀላል ነው።

ታዲያላችሁ፣ የእህቷ ልጅ የሰርጓን ቀን ለጥር ቆረጠች። የሙሽራዋን ቀሚስ፣ የሚዜዎቹን ቀሚስ፣ የእናትየዋን ቀሚስ የምትጠልፈው አክስቴ ናት። የራሷንም በወይን ጠጅ ክር ጀምራዋለች። ቀሚሱ እያማረ በሄደ ቁጥር ጭንቀቷ ባሰ። «እኔ ይህን ሁሉ ጠልፌ በነጠላ ጫማ ልጨፍር?» ትላለች። እውነቷን ነው። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ እስክስታ ስትወርዱ የሰው ዓይን ከትከሻ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ።

ገበያ ወጣን። እኔ አጃቢ ነኝ። ሴት ዘመዱን አጅቦ ጫማ ገበያ የዋለ ወንድ ሁሉ የሚያውቀውን መከራ አልነግራችሁም። አንድ ሱቅ ውስጥ ግን የሆነውን ልንገራችሁ። ጫማው ያምራል፤ አፍንጫው ሾል ያለ፣ ታኮው ቀጠን ያለ። አክስቴ እግሯን አስገብታ ፊቷ ጠቆረ። ሻጩ ልጅ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጎኑን ጫን ጫን አደረገ።

«እትዬ፣ ይሰፋል። ሁለት ቀን ያድርጉትና ይለቅልዎታል።»

«የኔ ልጅ፣ ሁለት ቀን ካደረግሁትስ እኔ ነኝ የምለቀው።»

ይህ «ይሰፋል» የሚባል ነገር የጫማ ንግድ ትልቁ ውሸት ነው። እውነተኛ ቆዳ ትንሽ ይላላል፤ አልክድም። ዛሬ በየመደርደሪያው ያለው ግን አብዛኛው ፊቱ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ጨርቅ ነው፤ እሱ አይሰፋም፣ ይሰነጠቃል። ሱቅ ውስጥ ያመመ ጫማ ቤትም ያማል። «እንግዲያው አንድ ቁጥር ከፍ እናድርገው» ይላችኋል ሻጩ። ከፍ ሲል በአብዛኛው የሚጨምረው ርዝመቱ ነው፤ ጉብታው እንደተጨነቀ ይቀራል፣ ተረከዙ ከኋላ ይወልቃል። «እሺ፣ ታኮ የሌለው ይሁን» ብትሉ ደግሞ ሶሉ ካርቶን የሚያህል ልጥፍ ጫማ ያመጣላችኋል። ተረከዙን ለሚያመው ሰው እሱም ጠላት ነው። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለና ደልደል ያለ ተረከዝ ከልጥፉ ይሻላል፤ ይህን ግን የሚነግራችሁ ሻጭ እምብዛም አታገኙም።

የኔ ሐሳብ ስኒከር ነበር። የዘንድሮ ልጃገረዶች ከሐበሻ ቀሚስ በታች ነጭ ስኒከር አድርገው ሲጨፍሩ አይቻለሁ፤ ያምርባቸዋል። አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «የምሄደው ሰርግ ነው ወይስ ታላቁ ሩጫ?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ስንመለስ በራችን ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ጡረተኛ ወታደር አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። የአክስቴን ማነከስ አይተው «ምን ጫማ ጫማ ትላላችሁ? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ዓለምን ጉድ አሰኝቶ የለም ወይ?» አሉ። በየሰፈሩ እንዲህ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እኔ ደግሞ የአበበን ነገር ሲያጣምሙብኝ አልወድም፤ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው።

አበበ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ንቆ አይደለም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ እኛ ችቦ አብርተን እንቁጣጣሽን ስንጠብቅ እሱ እዚያ በመሸ ጊዜ ይሮጣል። ከውድድሩ በፊት የሞከረው አዲስ ጫማ አልተስማማውም፤ እግሩን አስቸገረው። የክብር ዘበኛው ወታደር ቀድሞም ባዶ እግሩን መሮጥ የለመደ ነው፤ ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ድረስ ሮጦ የሚመላለስ ሰው ነበር። እንግዲህ ከማይስማማ ጫማና ከባዶ እግር የቱ ይሻላል? እሱና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ባዶ እግርን መረጡ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በዓመቱ ጃፓን ኦሳካ ሲሄድ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የሚባል ጫማ ሠሪ መጥቶ ጫማ አድርጎ እንዲሮጥ ወተወተው። አበበ እሺ አለ፤ አሸነፈም። ከዚያ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ጫማ አጥልቆ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ባዶ እግሩን ከገባበት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀነሰ ማለት ነው። «እና ጋሼ፣ አበበ ያስተማረን የማይሆንህን ጫማ አውልቅ፣ የሚሆንህን ስታገኝ አጥልቅ ነው» አልኳቸው። ጋሼ «ትርፍ አንጀቱን ካወጡለት በኋላ ቀለለዋ!» ብለው ሳቁብኝ። ከወታደር ጋር ክርክር እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ጫማ ልመጣ ነው፤ የወሬዬ ልብ እሱ ነው።

ውጭ አገር ያለች ዘመዳችን የአክስቴን ሕመም ሰምታ ጫማ ላከች። ለታመመ እግር ተብሎ የተሠራ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ አፍንጫው ድብልብል፣ በመለጠፊያ የሚዘጋ። አክስቴ አጠለቀችው፤ ሁለቴ ተራመደችና ፊቷ በራ። «እግሬ ገነት ገባ» አለች። እኛም ተገላገልን ብለን እልል አልን። በሳምንቱ ለቅሶ ነበረና አድርጋው የእድር ድንኳን ገባች። እናላችሁ፣ ገና አረፍ ሳትል አንዷ ወደ እግሯ ጎንበስ ብላ «ውይ! ምን አገኘሽ? ስኳር ነው?» አለቻት። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። አክስቴ የሰው ሐዘን ልትካፈል ሄዳ ለራሷ ሲታዘንላት ዋለች። ማታ ቤት ገብታ ጫማውን አወለቀችና ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። ያ ገነት የተባለ ጫማ ከዚያ ወዲያ ብርሃን አላየም። በማግሥቱ ያንኑ ጠባብ ጫማዋን አድርጋ እያነከሰች ሥራ ወረደች።

ሰው ይህን ሲሰማ «ጉራ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ምን ማማር ያስፈልጋታል» ይላል። እኔም እንዲያ ልል ዳር ዳር ብያለሁ። ነገሩ ግን ከአክስቴ ቤት ሰፋ ያለ ነው።

ወደ ዘነበወርቅ ልውሰዳችሁ። በከተማችን ምዕራብ ጫፍ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበር፤ በ1965 እ.ኤ.አ. እዚያው ላይ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛው አለርት ተመሠረተ። ሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ይገድላል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ቢገባ፣ ምስማር ቢወጋ፣ እሳት ቢነካ ታማሚው አያውቅም፤ እግሩ የሚቆስለውና የሚቆራረጠው በዚህ ሳቢያ ነው። ይህን አጥርተው ካሳዩት አንዱ ሕንድ ቬሎር ውስጥ ይሠራ የነበረው የቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነበር። አክስቴ የምታማርረው ሕመም ለእነዚያ ሰዎች የተነፈጋቸው ጠባቂ ነው። እንግዲህ ለእነሱ ጫማ ማለት መድኃኒት ማለት ነው። በአለርት የአካል ድጋፍ ወርክሾፕ ጫማ ይሠራል። ለእንዲህ ያለ እግር የሚሠራ ጫማ ውስጡ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ባለው ለስላሳ ጎማ ይነጠፋል፤ ምስማር አይመታበትም፣ አንድ ቀን ምስማሩ ወጥቶ ስሜት የሌለውን እግር ቢበሳ የሚጮህ የለምና።

ታዲያ እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ለበሽተኛ ተብሎ የተሠራ ጫማ ከሩቅ ይታወቃል። ያን ጫማ ያደረገ ሰው ገበያ ሲገባ ሻጩ ሳንቲሙን በእጁ መቀበል ይፈራል፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። በየአገሩ በሥጋ ደዌ ላይ የሠሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የመሰከሩት ነው፦ ጫማው እግሩን ያድናል፣ ሰውየውን ግን ያጋልጣል፤ ሰውየውም ከመጋለጥ መቁሰልን ይመርጣል። ስንት መድኃኒት አልጋ ሥር ቀርቷል!

ዝሆኔንም እዩት። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉትን የደጋውን ዝሆኔ ማለቴ ነው። ትንኝም ትልም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሄደ ሰው፣ በተለይ በዘሩ ተጋላጭነት ካለበት፣ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል። ይህን የአፈር ነገር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን ሲመረምር የኖረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ ሲጠና ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንደያዘ ተገመተ። አንድ ጫማ በልጅነት ቢደረግ ኖሮ የማይመጣ በሽታ ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ንድድ ይለኛል።

ከመጣ በኋላም ቢሆን ጫማ አይቀርም። ምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ውስጥ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ የተሰጣቸው ሰዎች እግርን እያቃጠለ አልጋ ላይ የሚጥለው ትኩሳት ካልተሰጣቸው ይልቅ ቀነሰላቸው። ግን ያበጠ እግር የትኛው ሱቅ ጫማ አለው? ወላይታ ውስጥ ለታማሚዎች በልካቸው የቆዳ ጫማ የሚሰፋበት ወርክሾፕ አለ፤ ከሰፊዎቹ መካከል በሽታው ኖሮባቸው ሙያውን የተማሩ ይገኙበታል። የራሱ እግር ያበጠበት ሰው የሚሰፋው ጫማ ምን መምሰል እንዳለበት ማን ይነግረዋል? ሰው የሚፈልገው የጎረቤቱን የሚመስል ጫማ ነው። ሰርግ የሚያስገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲያወልቁት ከሌላው ጫማ መሐል ተለይቶ «እኔ የበሽተኛው ነኝ» የማይል።

ወደ ዘነበወርቅ ተመልሼ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከዚያው ሰፈር በ2004 እ.ኤ.አ. ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስን አቋቋመች። ሶሉ ያረጀ የመኪና ጎማ፣ ፊቱ በእጅ የተፈተለ ጥጥ። ያ እኛ ስንንቀው የኖርነው በረባሶ ተሽቀርቅሮ የውጭ አገር ሱቅ መስታወት ውስጥ ገባ። ያው ጎማ፣ ያው እጅ። ሲያምር ግን ሰው ተሻማበት።

እንግዲህ አክስቴ ሥጋ ደዌም ዝሆኔም የለባትም፤ የእሷ ሕመም ከእነዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። አልጋዋ ሥር የቀረው ጫማ ግን ያው ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከቤታችን ቁልቁል ሲወርዱ ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠራ ጫማ ሰፊ አለ። ሰዉ የሚያውቀው በጥገና ነው፤ ሶል ይለጥፋል፣ ታኮ ይቀይራል፣ የተማሪ ቦርሳ ዚፕ ይሰፋል። መርካቶ ሸራ ተራ ነው ያደገው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የቻይና ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀው ጊዜ ብዙ ሸራ ተሬ ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ኋላ ጥራቱን አሻሽሎ ያንሰራራ አለ፣ በዚያው የቀረ አለ። ይኼኛው ወደ ቁስቋም ወጣ። ከዚያ በፊት ግን ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ጫማ ይሠሩ ከነበሩ አዛውንት ጎን ተቀምጦ ተምሯል። ይህን ያወቅነው አክስቴ የተነቀለ ታኮ ልታስመታ ገብታ «ምስማር አላስገባም እትዬ፣ በማስቲሽና በክር ነው የምሠራው» ሲላት ነው። «ለምን?» አለችው። ነገራት። እሷም ቁጭ ብላ የራሷን ነገረችው።

«ከሰዓት በኋላ ይምጡ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም» አላት። «ጠዋት እግር አልለካም። እግር ውሎ ያብጣል፤ በጠዋት የተለካ ጫማ ለማታ አይሆንም።»

አብሬያት ሄድኩ። የካርቶን ጠፍጣፋ መሬት ላይ ዘረጋና «ይቁሙበት» አላት። «ተቀምጬስ?» ብትለው «ቆመው ነው የሚሄዱት» አለ። እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ በእግሯ ዙሪያ ዞረ፤ ጉብታው ጋ ሲደርስ እርሳሱን አነሳና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «እዚህ ነው?» «እዚያ ነው።» ካርቶኑ ላይ የመስቀል ምልክት አደረገበት። ከዚያ በሜትር የእግሯን ወገብ፣ የጣቶቿን ሥር፣ ተረከዟን ዙሪያውን ለካ። ቀኝና ግራዋ በርዝመት እንኳ እኩል አልነበሩም፤ ይህን ያህል ዘመን ጫማ ስትገዛ አንዱን እግሯን ብቻ ነበር የምትለካው። መደርደሪያው ላይ ካሉት የጫማ መወጠሪያ ፎርማዎች አንድ ጥንድ አወረደ። የግራው ላይ፣ መስቀሉ ባረፈበት ልክ፣ ቁራጭ ቆዳ በቁራጭ ቆዳ ላይ እየለጠፈ በቢላ እየላገ ጉብታ አበቀለበት። ፎርማው የአክስቴን እግር መሰለ። አክስቴ በእጇ ያዘችና «ምስኪን!» አለችው፤ ለእግሯ ይሁን ለፎርማው አላወቅሁም።

ቆዳው የበግ ሆነ። የአገራችን በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ነው፤ የውጭዎቹ ለጓንት የሚሻሙበት ያለ ነገር አይደለም። ገበሩም እንዲሁ ለስላሳ፣ ጉብታው ላይ ስፌት እንዳያልፍ የጫማው ፊት፣ ቶማያው፣ ከአንድ ወጥ ቆዳ ተቆረጠ። ከኋላ ተረከዙን ጨብጦ የሚይዝ ጠንካራ ነገር ገባበት፣ ከሥር ደልደል ያለ አጭር ታኮ። እዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ጠቡ የመጣው ከጥልፉ ነው።

አክስቴ ቶማያው ከመወጠሩ በፊት ወደ ቤት ወስዳ በቀሚሷ ክር ልትጠልፈው አሰበች። ጫማ ሰፊው ሐሳቡን ወደደው። እሷ ታዲያ ትልቁን አበባ የት ልታሳርፈው ፈለገች መሰላችሁ? ጉብታው ላይ! «ይሸፍንልኛል» አለች።

«እትዬ፣ አይሆንም። ክር የበዛበት ቆዳ ይደርቃል። አጥንቱን ይፈገፍግዎታል።»

«አንተ ልጅ፣ ክር እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

«ክሩን እርስዎ ያውቃሉ። እግሩን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ተኮራረፉ። ለቀናት በዚያ በኩል አላለፈችም፤ በሌላ ቁልቁለት ዞራ ነበር የምትወርደው፣ በዚያ ተረከዟ! በመጨረሻ አበባው ወደ ውጭኛው ጎንና ወደ ማሰሪያው ዞረ። ጉብታው ያለበት ጎን ልሙጥ ቀረ። ዓይን ደግሞ ወደ አበባው ነው የሚሄደው፤ ልሙጡን ማን ያየዋል? የሸፈነላት ክሩ ሳይሆን የተመልካች ዓይን መሳቱ ሆነ፤ ይህን ግን ሁለቱም የራሴ ሐሳብ ነው ይላሉ።

ቀጠሮው ለቁስቋም ነበር። ኅዳር 6 እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት፣ ደብረ ቁስቋም ያረፈችበት ይታሰባል፤ ጾመ ጽጌ በዋዜማው ያበቃል፤ ሰፈራችን ያን ቀን በነጭ ልብስ ይሞላል። አክስቴ አዲሱን ጫማ አድርጋ ልትሳለም ነበር ምኞቷ። ጫማ ሰፊ ግን ጫማ ሰፊ ነው። «ማስቲሹ አልደረቀም»፣ «ሶል የምገዛበት ሰው አገሩ ገብቷል»፣ «ነገ ጠዋት»። ያን ዓመት ቁስቋምን በአሮጌው ጫማ ሳመች፤ ደጁ ላይ አውልቃ ወፍራም ካልሲ አጥልቃ በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ቆመች። ጫማው የደረሰው ለታኅሣሥ ገብርኤል ነው። ከሰዓት በኋላ ሄዳ አጠለቀችው። ቁልቁለቱን ወረደች፤ ጣቶቿ ከፊት አልተላተሙም። ዳገቱን ወጣች፤ ተረከዟ አልወለቀም። ጠዋት ጠዋት የሚይዛት ሕመም በአንድ ጫማ አልጠፋም፣ ሃይላንዷንም ማንከባለሏን አልተወችም፤ ግን ሠርታ ስትገባ ግድግዳ መያዙ ቀረ።

ሰርጉ ደረሰ። ሙሽሮች ገቡ፣ ዘፈኑ ደመቀ፣ አክስቴ ተነሳች። ስትጨፍር ቀሚሷን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ ትንሽ ከፍ ታደርገዋለች፤ ለምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቃለን። ያቺ እድር ላይ «ስኳር ነው?» ያለቻት ሴት ጠጋ አለችና «እንዴት ያለ ጫማ ነው! ከየት ገዛሽው?» አለቻት።

አክስቴ ዓይኗን ሳታሽ «ውጭ አገር ያለች ዘመዴ ላከችልኝ» አለች።

ወሬው በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ ቤት ደረሰ። ጫማ ሰፊው ተቆጣ ብላችሁ ቁጣ አይገልጸውም። «አንገቴን ደፍቼ ሌሊት የሰፋሁትን ለውጭ አገር ሰጡብኝ?» አላት። አክስቴም «አንተን ብጠራ ሰዉ ሁሉ ይወርርህና የእኔ ሁለተኛ ጥንድ መቼ ይደርሳል?» አለችው። አሁን ጥቁር ትፈልጋለች፣ ለለቅሶ የሚሆን፣ በጥቁር ክር የተጠለፈ። እሱ ደግሞ ሰርጉ ላይ ውሸቷን የሰሙትን ሴቶች አንድ በአንድ ይዛለት ካልመጣች ካርቶኗን ከመደርደሪያው አላወርድም ብሏል። ሁለቱን እስካሁን ይዛለት ሄዳለች። ያቺን «ስኳር ነው?» ያለቻትን ግን አልወስድም ብላ፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ቆሟል።